ለአማርኛ ፊልምና ድራማ ጸሐፊ የሚሆን ሶፍትዌር አመራረጥ

አንድ ሌሊት የተከታታይ ድራማ አንድ ክፍል ጨርሼ፣ ፋይሉን ወደ ፒዲኤፍ ቀይሬ፣ በቴሌግራም ለአዘጋጁና ለተዋንያኑ ልኬ ተኛሁ። በማግስቱ ለንባብ ስንሰበሰብ ግማሾቹ ስልካቸውን ከፍተው ያነባሉ፤ ግማሾቹ ግን በየመስመሩ የተደረደሩ ባዶ ሳጥኖች እያዩ ይጠብቁኛል። ጽሑፉ በእኔ ላፕቶፕ ላይ አንድም እንከን አልነበረበትም፤ ሶፍትዌሩ ፊደሉን ከፒዲኤፉ ጋር አብሮ አላሸገውም ነበርና የእኔ ማሽን ያለው ፎንት የሌላቸው ስልኮች የሚያሳዩት አጡ። የዚያን ቀን ንባብ ሁለት ሰዓት ዘገየ፤ እኔም ስክሪፕት የምጽፍበትን ሶፍትዌር ስመርጥ አስቀድሜ የምጠይቀው ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ሌላ ሆነ።

ስለ እነዚህ ሶፍትዌሮች የሚሰጡት ምክሮች አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ ለሚጽፍ ሰው የተሰናዱ ናቸው። ስለ ዋጋቸው፣ ስለ መልካቸው፣ ታሪክ ስለሚነደፍባቸው ካርዶች ብዙ ይነገራል፤ የግዕዝ ፊደል ከኪቦርዱ ተነሥቶ በተዋናዩ እጅ እስኪገባ ድረስ ሳይሰበር ያልፋል ወይ የሚለው ጥያቄ ግን አይነሣም፤ ለእንግሊዝኛ ጸሐፊ ችግሩ ስለሌለበት። ለእኛ ይህ ጥያቄ ሳይመለስ የሌሎቹ ሁሉ መልስ ዋጋ የለውም።

የስክሪፕት መጻፊያ ሶፍትዌር ከተራ የጽሑፍ ፕሮግራም የሚለየው የእያንዳንዱን መስመር ሥራ ስለሚያውቅ ነው። ይህ የትዕይንት ርእስ፣ ይህ ድርጊት፣ ይህ የገጸ ባሕርይ ስም፣ ይህ ምልልስ፣ ይህ በቅንፍ የሚገባ የአነጋገር መመሪያ መሆኑን ለይቶ ይይዛል። ስም ጽፈው ኤንተር ሲጫኑ ቀጣዩን መስመር ራሱ ወደ ምልልስ ቦታ ይወስደዋል። በዚሁ እውቀቱ ኋላ ላይ ማን በስንት ትዕይንት እንደሚገባ፣ የትኞቹ ትዕይንቶች በአንድ ቦታ እንደሚቀረጹ ዘርዝሮ ለፕሮዳክሽን ማናጀሩ ይሰጣል። መስመሮቹን መለየት ካልቻለ ግን ውድ የጽሕፈት መኪና ከመሆን አያልፍም፤ በአማርኛ ብዙ ጊዜ የሚሰናከለውም እዚሁ ላይ ነው።

ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትዎ ወይም አንድ ሙሉ ሥራ ከመጀመርዎ በፊት በሶፍትዌሩ ነፃ ወይም የሙከራ ቅጂ ሦስት ገጽ ይጻፉበት። ሦስቱ ገጾች ሆን ተብሎ ችግር እንዲፈልጉ የተሰናዱ ይሁኑ። ቢያንስ አንድ ረጅም ምልልስ ከአንደኛው ገጽ ግርጌ ተነሥቶ ወደ ሁለተኛው ገጽ ይሻገር። እንደ «ወ/ሮ አልማዝ» ያለ እዝባር ያለበት ስም፣ እንደ ቧ፣ ኳ፣ ጓ እና ሟ ያሉ ዲቃላ ፊደላት፣ እንደ ቨ ያለ ለውሰት ቃል የምንጠቀምበት ፊደል፣ አራት ነጥብ፣ ነጠላ ሰረዝና ድርብ ሰረዝ ይግቡበት። አንዱ ገጸ ባሕርይ ደግሞ በንግግሩ መሐል እንግሊዝኛ ይቀላቅል፤ የከተማው ሰው የሚናገረው እንደዚያ ነውና ጽሑፉም መሸከም አለበት።

ከዚያ ፒዲኤፉን ያውጡና በቴሌግራም ለሁለት ርካሽ የአንድሮይድ ስልኮችና አማርኛ ተጽፎበት ለማያውቅ ኮምፒዩተር ይላኩት። ባዶ ሳጥን የታየበት ሶፍትዌር በፎንት ቅየራ ካልተስተካከለ እዚሁ ይቀራል። ፊደሉ በትክክል ከታየም አይቸኩሉ፤ በፒዲኤፉ ውስጥ አንድ ቃል ይፈልጉ፣ አንድ ምልልስም ቀድተው በቴሌግራም መልእክት ላይ ይለጥፉ። ቃሉ ካልተገኘ ወይም የተለጠፈው ነገር ትርጉም የሌለው ምልክት ከሆነ ገጹ ላይ የሚታየው የፊደሉ ሥዕል እንጂ ጽሑፉ አይደለም፤ ተዋናይዋ የራሷን ምልልስ ፈልጋ ለማግኘት ስትሞክር ያን ጊዜ ይታወቃል። በመጨረሻ በኤፎር ወረቀት ያትሙት። ብዙዎቹ ሶፍትዌሮች የተሠሩት 216 በ279 ሚሊ ሜትር በሆነው የአሜሪካ ወረቀት ልክ ሲሆን የእኛ ኤፎር 210 በ297 ነው። አንዱ ጸሐፊ በሜሪላንድ፣ ሌላው በአዲስ አበባ ሆነው አብረው የሚጽፉ ከሆነ፣ የወረቀቱን መጠን በፋይሉ ውስጥ አስቀድመው ካልወሰኑ በቀር አንዱ «ገጽ 31» የሚለውን ሌላው በገጽ 30 ላይ ያገኘዋል።

ከሶፍትዌሩ በፊት መፈተሽ ያለበት ግን የሚጽፉበት ኪቦርድ ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒዩተሮች ሁሉ ፊደላትን በሚለዩበት የጋራ ሥርዓት ውስጥ የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ መጻፊያዎች፣ እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉት፣ አማርኛውን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ አሳድረው ያስቀምጡት ነበር። በእጅ የተጻፈን ድርሰት ለታይፒስት መስጠት በለመደ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ አሮጌ ፋይል ዛሬም አይጠፋም። በስክሪፕት ሶፍትዌር ሲከፈት የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ሆኖ ይታያል፤ ጥፋቱም የሶፍትዌሩ አይደለም። ስለዚህ ወደ ዩኒኮድ ሳይለወጥ ምንም ሶፍትዌር አይፈትኑበት። አዲስ ሥራ ሲጀምሩ ደግሞ በዊንዶውስ ውስጥ ባለው የአማርኛ ኪቦርድ ወይም ኪማን በተባለው፣ በነፃ በሚገኘው የኪቦርድ ፕሮግራም ይጻፉ።

የፎንት ምርጫም ከሚመስለው በላይ ክብደት አለው። ኒያላ የተባለው ፎንት ለዓመታት ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ይመጣ ስለነበር ብዙ የአማርኛ ስክሪፕት በእሱ ተጽፏል፤ ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ግን ተጨማሪ ሆኖ የሚጫን እንጂ ከመጀመሪያው በማሽኑ ላይ የሚገኝ አይደለም። ኒያላ በሌለው ኮምፒዩተር ላይ ፋይሉ ሲከፈት ሌላ ፎንት ይተካዋል፤ የፊደሉ ስፋትና የመስመሩ ቁመት ስለሚለያይም 90 ገጽ የነበረው ጽሑፍ ሌላ ቁጥር ይዞ ይወጣል። እኔ የምመክረው እንደ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ያለ፣ ማንም በነፃ ሊጭነው የሚችል አንድ ፎንት መርጦ፣ የፎንቱን ፋይል ከስክሪፕቱ ጋር ለሥራ ባልደረቦች ሁሉ መላክ ነው። ሶፍትዌሩ የሁሉንም መስመሮች ፎንት በአንድ ጊዜ እንድንቀይር የማይፈቅድ ከሆነ፣ ማለትም የፊልም ጽሑፍ ኩሪየር በተባለው የእንግሊዝኛ ፎንት ብቻ ይጻፋል ብሎ ከዘጋው፣ ኩሪየር የግዕዝ ፊደል ስለሌለው ፎንቱን የሚመርጠው ማሽኑ እንጂ እርስዎ አይሆኑም።

ቀጥሎ የሚመጣው እንቅፋት እንግሊዝኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል ያለው፣ አማርኛ ግን የሌለው መሆኑ ነው። በእንግሊዝኛው ልማድ የትዕይንት ርእስና የገጸ ባሕርይ ስም በትልልቅ ፊደል ይጻፋሉ፤ አንዳንድ ሶፍትዌሮችም መስመሮቹን የሚለዩት በዚሁ ምልክት ነው። ይህ በግልጽ የሚታየው ፋውንቴን በተባለው አጻጻፍ ነው። ፋውንቴን እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ፣ ስክሪፕትን በማንኛውም ተራ የጽሑፍ ፕሮግራም ለመጻፍ የሚያስችል ሥርዓት ሲሆን፣ ፋይሉ እንዲሁ ጽሑፍ ስለሆነ ከሃያ ዓመት በኋላም ይከፈታል። በአማርኛ ሲጻፍ ግን አንዱ ፕሮግራም ትልቅ ፊደል አላየሁም ብሎ ስሙን ከድርጊት ይቆጥረዋል፤ ሌላው ደግሞ ትንሽ ፊደል አላየሁም ብሎ አጭሩን የድርጊት መስመር ሁሉ ስም ሊያደርገው ይችላል። መፍትሔው ሥርዓቱ ራሱ ያስቀመጣቸውን ማስገደጃ ምልክቶች መልመድ ነው። ከገጸ ባሕርይ ስም በፊት @፣ ከትዕይንት ርእስ በፊት ነጥብ፣ ከድርጊት በፊት የቃለ አጋኖ ምልክት ይደረጋል። «.ውስጥ - የወ/ሮ አልማዝ ሳሎን - ማታ» ብለው ከጻፉ ነጥቡ በኅትመት ላይ አይወጣም፤ መስመሩ ግን የትዕይንት ርእስ ሆኖ ይቆጠራል። መጀመሪያ ላይ ያስቸግራል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ጣት ይለምደዋል።

ሜኑ ባላቸው ሶፍትዌሮች ላይ ያለው መንገድ ሌላ ነው። ፋይናል ድራፍት ለምሳሌ የትዕይንት መክፈቻ ቃላትን፣ የቦታዎችን፣ የጊዜያትንና የገጸ ባሕርያትን ስም በዝርዝር ይዞ ሲጽፉ ራሱ ያሟላል፤ ዝርዝሩ ደግሞ የሚታረም ስለሆነ «ውስጥ» እና «ውጭ»፣ «ንጋት»፣ «ቀን»፣ «ማታ» የሚሉትን ማስገባት ይቻላል። አንድ ምልልስ ወደሚቀጥለው ገጽ ሲሻገር የሚጨምራቸውን የእንግሊዝኛ ማስታወሻዎችም «ይቀጥላል» እና «የቀጠለ» በሚሉ ቃላት መተካት ይፈቅዳል። ይህን ማድረግ የማይቻልበት ሶፍትዌር ላይ ብዙ ጸሐፊዎች ለየትዕይንቱ ኪቦርድ እየቀያየሩ የእንግሊዝኛውን አህጽሮት (ለውስጥ INT.፣ ለውጭ EXT.) ይጽፋሉ፤ በ60 ትዕይንት 120 ጊዜ ኪቦርድ መቀያየር ምን እንደሚያህል የሠራበት ያውቀዋል።

ስሞችን ራሱ የሚያሟላው አገልግሎት በእንግሊዝኛ ጊዜ ቆጣቢ ነው፤ በአማርኛ ግን ግድ ነው ብል አላጋነንኩም። «ፀሐይ» የተባለችን ገጸ ባሕርይ አንዱ ጸሐፊ «ጸሐይ»፣ ሌላው «ፀሀይ» ብሎ ይጽፋታል፤ ለአንባቢ ያው አንዲት ሴት ናት፤ ለሶፍትዌሩ ግን ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። የገጸ ባሕርያት ዝርዝር ሲወጣ አንዲት ተዋናይት በ40 ትዕይንት ትገባ የነበረችው በ22፣ በ13 እና በ5 ተከፋፍላ ትቀርባለች፤ የቀረጻ ፕሮግራሙም በዚያው ልክ ይበላሻል። ስለዚህ በሦስቱ የሙከራ ገጾች ላይ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ጽፈው ሶፍትዌሩ ቀሪውን ያሟላ እንደሆነ ይዩ። በአማርኛ ይህን የማያደርግ ከሆነ ጽሑፉን ከመጀመርዎ በፊት የስሞቹን አጻጻፍ በአንድ ወረቀት ወስነው ግድግዳ ላይ ይለጥፉ። በሌላ በኩል አማርኛን የማያውቀው የፊደል ማረሚያ ገጹን በሙሉ በቀይ መስመር ስለሚሞላው ገና ሲከፍቱት ያጥፉት።

አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ነው የሚለውን ልማድም ሶፍትዌሩ እንደ ሕግ አድርጎ ያቀርበዋል፤ አንዳንዱማ የፊልሙን ርዝመት ራሱ አስልቶ ከግርጌ ይጽፋል። ስሌቱ የተመሠረተው ግን በ12 ነጥብ መጠን በተጻፈ ኩሪየር፣ በአንድ ኢንች ውስጥ እኩል ስፋት ባላቸው 10 ቁምፊዎችና በእንግሊዝኛ ቃላት ላይ ነው። «አልመጣችም» በስድስት ፊደል ያልቃል፤ ይኸው ነገር በእንግሊዝኛ አራት ቃላትና ክፍተቱ ሲቆጠር 16 ቁምፊ ይወስዳል። የእኛ ፊደላት ሰፋ ያሉ ቢሆኑም በአንድ ገጽ የሚይዙት ንግግር ብዙውን ጊዜ ይበልጣል። ስለዚህ የራስዎን ልኬት ያውጡ፦ በመረጡት ፎንትና መጠን ከተጻፈ ሥራዎ ምልልስና ድርጊት የተመጣጠነባቸውን አምስት ገጾች ይምረጡ፤ ከአንድ ሰው ጋር ሆነው በተዋናይ ፍጥነት ጮክ ብለው ያንብቡ፤ ዝምታውንና የድርጊቱን ጊዜ ሳይዘሉ በሰዓት ይያዙ። አምስቱ ገጽ ሰባት ደቂቃ ተኩል ከወሰደ አንዱ ገጽ አንድ ደቂቃ ተኩል ነው፤ የ30 ደቂቃ ክፍልም በ20 ገጽ ያልቃል ማለት ነው። ፎንት በቀየሩ ቁጥር ግን ይህ ቁጥር እንደገና ይለካል።

ስለ ዋጋ ስንነጋገር፣ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ከመሆኑ የተነሣ አንድ ጊዜ ከፍሎ መገላገልና በየወሩ መክፈል ለእኛ አንድ አይደሉም። በየወሩ የሚከፈልበት ሶፍትዌር የውጭ ካርድ ያለው ዘመድ ከረሳ ወይም ካርዱ ጊዜው ካለፈ ሥራውን መሐል ላይ ሊዘጋብዎት ይችላል። አንድ ጊዜ ከሚከፈልባቸው መካከል ፋይናል ድራፍት 200 ዶላር አካባቢ የሚዞር ሲሆን ከሆሊዉድ ፕሮዳክሽን ጋር ለሚሠራ ሰው መግባቢያው እሱ ነው። ፌድ ኢን ከ100 ዶላር በታች ሆኖ በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊነክስም ይሠራል። በማክ የሚሠራ ሰው ቢት የተባለውን፣ ፋውንቴንን መሠረት ያደረገ ነፃ ሶፍትዌር ሳይሞክር ገንዘብ ባያወጣ ይሻላል። ስቶሪ አርኪቴክት ደግሞ በሁሉም ዓይነት ኮምፒዩተር ላይ የሚጫን ነፃ ደረጃ አለው። ከእነዚህ የትኛውም ቢሆን ከሦስቱ ገጽ ፈተና ነፃ አይደለም፤ አንድ ማሻሻያ ትናንት ይሠራ የነበረውን ሊያበላሽ ስለሚችልም ትልቅ ማሻሻያ በተጫነ ቁጥር ፈተናውን መድገም ይገባል። በየሱቁ በፍላሽ የሚሸጠውን ቁልፉ ተሰብሮ ያለ ፈቃድ የተቀዳ ቅጂ በተመለከተ፣ የሌላ ደራሲን ሥራ ሰርቆ የራስን ድርሰት መጻፍ የሚያስነሣው የኅሊና ጥያቄ ለባለቤቱ ይቀመጥና፣ ቫይረስ ይዞ ሊመጣ መቻሉ ብቻ የስድስት ወር ሥራ ላለበት ላፕቶፕ በቂ ስጋት ነው።

እንደ ራይተርዱዌት ያሉት በኢንተርኔት ላይ የሚሠሩ ሶፍትዌሮች ሁለት ጸሐፊዎች በአንድ ጊዜ በአንድ ገጽ ላይ እንዲጽፉ ያደርጋሉ፤ አንዱ በለንደን ሌላው በሐዋሳ ሆነው ለሚጽፉ ይህን የሚተካ ነገር የለም። ይሁንና በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት በመላው አገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ገደማ ተቋርጦ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው፣ ብቸኛው ቅጂ በሌላ አገር ሰርቨር ላይ የተቀመጠ ስክሪፕት ይዞ እንቅልፍ አይወስደውም። በእነዚህ የሚጽፍ ሰው በየቀኑ ሥራውን ሲጨርስ አንድ ፒዲኤፍና አንድ የሚታረም ፋይል ወደ ራሱ ማሽን ያውርድ።

በዎርድ ወይም በሊብሬኦፊስ መጻፍ ያሳፍራል የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ለአንድ አጭር ፊልም፣ ወይም ብቻውን ለሚጽፍ ሰው፣ በትክክል ከተሰናዳ ይበቃል። በትክክል ማሰናዳት ማለት መስመሩን በስፔስ ባር እየገፉ መሐል ማስገባት አይደለም። አምስት ስታይሎች ይፍጠሩ፦ የትዕይንት ርእስ፣ ድርጊት፣ ስም፣ መመሪያ፣ ምልልስ። የገጹን የግራ ኅዳግ 3.8 ሴንቲ ሜትር፣ የቀኙን 2.5 ያድርጉ፤ ምልልሱን ከግራ ኅዳጉ ሌላ 2.5 ሴንቲ ሜትር ገባ ያድርጉት። በእያንዳንዱ ስታይል ላይ ቀጥሎ የሚመጣውን ይወስኑ፤ ከስም ቀጥሎ ምልልስ፣ ከምልልስ ቀጥሎ ስም። የስምና የትዕይንት ርእስ ስታይሎች ከሚከተላቸው አንቀጽ እንዳይለዩ የሚያደርገውን ምርጫ ያብሩ፤ አለበለዚያ «ወ/ሮ አልማዝ» የሚለው ብቻውን ከገጹ ግርጌ ቀርቶ ንግግራቸው በሚቀጥለው ገጽ ይጀምራል። የማይሰጥዎት ነገር የገጸ ባሕርያትና የቦታዎች ዝርዝር ነው፤ ያንን ረዳት አዘጋጁ በእጁ ያወጣዋል።

ለቀረጻ የሚገባ ስክሪፕት ሲሆን ግን ዎርድ ይደክማል። ቀረጻ ከተጀመረ በኋላ የትዕይንት ቁጥር መቀየር የለበትም፤ በ14ኛውና በ15ኛው መሐል አዲስ ትዕይንት ቢገባ ሌሎቹ ባሉበት ጸንተው አዲሱ ብቻ ከ14 ጎን ፊደል ይዞ መቆም አለበት። ይህን ቁጥር የመቆለፍ ሥራ፣ የተሻሻሉ መስመሮችንም በኅዳግ ምልክት የማሳየቱን፣ ፋይናል ድራፍትና ፌድ ኢን በሚገባ ይሠሩታል። ተዋናይት የቆየውን ምልልስ አጥንታ በመጣችበት ቀን የዚህ ዋጋ ይገባል።

በመጨረሻ መውጫውን ይፈትሹ። ሴልቴክስ በአንድ ወቅት በኮምፒዩተር ላይ የሚጫን ነፃ ሶፍትዌር ነበር፤ ኋላ ወደ ኢንተርኔትና ወደ ክፍያ ሲዞር አሮጌ ፋይል የያዙ ጸሐፊዎች ግራ ተጋቡ። እንዲህ ያለ ፋይል ያለው ሰው ተስፋ አይቁረጥ፤ የፋይሉን ቅጂ ወስዶ ቅጥያውን ወደ ዚፕ ቢቀይረውና ቢፈታው ጽሑፉን በውስጡ በኤችቲኤምኤል መልክ ያገኘዋል። የፋይናል ድራፍት ኤፍዲኤክስ ፋይልም በተራ የጽሑፍ ፕሮግራም ሲከፈት አማርኛው በምልክቶች መሐል ተነባቢ ሆኖ ይታያል። የመረጡት ሶፍትዌር ወደ ኤፍዲኤክስ ወይም ወደ ፋውንቴን ማውጣት ከቻለ፣ የወጣውንም ሌላ ሶፍትዌር ከፍቶት ስሞቹና ምልልሶቹ በየቦታቸው ከተገኙ መውጫው ክፍት ነው። ተከታታይ ድራማ በመጻፍ ላይ እያሉ ግን የተሻለ አገኘሁ ብለው መሐል ላይ አይቀይሩ፤ ምዕራፉ እስኪያልቅ ይታገሡ። ያን ጊዜም የመጀመሪያውን ክፍል በአዲሱ ሶፍትዌር ከፍተው፣ የቀድሞውን ፒዲኤፍ ጎን ለጎን አድርገው፣ በቅድሚያ የገጸ ባሕርያቱን ዝርዝር ያመሳክሩ፤ ጉዞው ላይ የሆነ ነገር ከጠፋ መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው።